የተበከለ መሬት የሚያጸዱ ስቴቶችና ነባር ሕዝቦች ገንዘቡን ከየት ያገኛሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን፣ ላውንድሪ ወይም የቆየ መጋዘን የገዛ ሰው ውሎ አድሮ ከስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። የሚያስተዋውቃቸው ከመሬቱ በታች ያለው ነገር ነው። ያ ቢሮ በምን ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ይጠቅማል። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ገንዘብ ምንድን ነው?

የፌዴራሉ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢፒኤ የሚባለው፣ በየዓመቱ ለስቴቶችና ለነባር ሕዝቦች (ከአውሮፓውያን በፊት በምድሪቱ ላይ ለነበሩት) መንግሥታት የሚሰጠው ድጎማ ነው። ዓላማው በመርዛማ ኬሚካል የተበከለ መሬትን የሚቆጣጠር የራሳቸው ፕሮግራም እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። የሕግ መሠረቱ በ2002 ጥር ወር የጸደቀው የብራውንፊልድ ሕግ ነው። ብራውንፊልድ የሚባለው ብክለት ስላለበት ወይም ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ማንም የማይነካው፣ ጦም የሚያድር ቦታ ነው። የተዘጋ ፋብሪካ፣ የተተወ ጋራዥ፣ ታንከሩ የተቀበረበት የድሮ ማደያ። ኢፒኤ በአገሪቱ ከ450 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች እንዳሉ ይገምታል።

ሕጉ ለዚህ ድጎማ የፈቀደው ጣሪያ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ በአምስት ዓመት የሚከፋፈል ተጨማሪ 300 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። ይህ ገንዘብ ለውድድር አይቀርብም። መስፈርቱን ያሟላ ስቴት ወይም ነባር ሕዝብ ከኢፒኤ ጋር ተነጋግሮ ድርሻውን ይወስዳል።

ታዲያ ሱፐርፈንድ የሚባለው ይኸው አይደለም?

ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ሱፐርፈንድ እጅግ የከፉትን ቦታዎች የሚመለከት የፌዴራል ፕሮግራም ነው። መነሻው በኒውዮርክ ስቴት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ላቭ ካናል የተባለ ሰፈር ነው። አንድ የኬሚካል ኩባንያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ 21 ሺህ ቶን ገደማ መርዛማ ቆሻሻ እዚያ ቀበረ። በ1953 ቦታውን በአንድ ዶላር ለከተማው የትምህርት ቦርድ ሸጠው። በላዩ ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ። ከዓመታት በኋላ ኬሚካሉ ወደ ምድር ቤቶችና ወደ ግቢዎች ወጣ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ሰፈሩ እንዲሰማ ያደረጉት ከሁሉ በላይ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ሲታመሙ ዝም አላሉም። በ1980 ታኅሣሥ ወር የሱፐርፈንድ ሕግ ወጣ።

ዛሬ በሱፐርፈንድ ብሔራዊ ዝርዝር ላይ ከ1,300 በላይ ቦታዎች አሉ። ይህን ቁጥር ከላይ ካለው 450 ሺህ ጋር ያስተያዩት። የቀረውን ሁሉ ማን ያየዋል? በአብዛኛው ስቴቶችና ነባር ሕዝቦች ናቸው። የ2002ቱ ድጎማ የመጣው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

የብራውንፊልዱ ድጎማ ኮንግረስ በየዓመቱ ከሚያጸድቀው በጀት ይወጣል። ግብር ከፋዩ ነው የሚከፍለው ማለት ነው።

ሱፐርፈንድ ግን ሲጀመር ሐሳቡ ሌላ ነበር። በድፍድፍ ነዳጅና በኬሚካል አምራቾች ላይ ልዩ ቀረጥ ተጣለ። የበከለው ይክፈል፣ የበከለው ከጠፋ ደግሞ ኢንዱስትሪው ይክፈል ነው ነገሩ። ቀረጡ በ1995 መጨረሻ ጊዜው አበቃና ኮንግረስ ሳያድሰው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ ሸክሙ ወደ ተራው ግብር ከፋይ ዞረ። የኬሚካሉ ቀረጥ የተመለሰው በ2022 ሐምሌ ነው። የነዳጁ ደግሞ በ2023 ጥር። መመለሱ ትክክል ነው እላለሁ። ከምርቱ ያተረፈ ወገን ለመዘዙም ማዋጣት አለበት።

አንድ ስቴት ወይም ነባር ሕዝብ ድጎማውን ለማግኘት ምን ማሟላት አለበት?

ሕጉ አራት ነገር ይጠይቃል። የተበከሉ ቦታዎችን ፈልጎ የመመዝገብ ሥራ አንዱ ነው። ሁለተኛው ጽዳቱን የመቆጣጠርና አልታዘዝም ያለውን የማስገደድ ሥልጣን ነው። ሦስተኛው ነዋሪው ሐሳቡን የሚሰጥበት እውነተኛ መንገድ ነው። በመጨረሻም የጽዳት ዕቅድ የሚጸድቅበትና ሥራው መጠናቀቁ ተረጋግጦ ማስረጃ የሚሰጥበት አሠራር ያስፈልጋል። አራቱም ዛሬውኑ ሙሉ መሆን የለባቸውም። ወደዚያ በቂ እርምጃ እየሄዱ መሆኑን ማሳየት ይበቃል። ከኢፒኤ ጋር የመግባቢያ ስምምነት የተፈራረመ ስቴትም ብቁ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ መያዝ ግዴታ ነው። ባለፈው ዓመት የት የት እንደተጸዳ፣ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደታሰበ፣ የጸዳው ቦታ አጠቃቀሙ ላይ ገደብ አለው ወይስ የለውም የሚለው እዚያ ይጻፋል። ይህችን መዝገብ ያስታውሷት፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? ለምን በቀጥታ አፈር ማውጣት ላይ አይውልም?

ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። ድጎማው በዋናነት የሚከፍለው የሰው ደመወዝ፣ ሥልጠና፣ የመረጃ ቋት፣ የናሙና ምርመራና የሕግ ረቂቅ ሥራ ነው። ከድጎማው ከግማሽ በላይ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ለሚደረግ ጥናትና ጽዳት ማዋል አይፈቀድም። ተዘዋዋሪ የብድር ፈንድ (ብድሩ ሲመለስ መልሶ የሚያበድር) ማቋቋምና ለጽዳት ሥራ ኢንሹራንስ መግዛት ግን ይቻላል።

«ቢሮክራሲ ለመቀለብ ነው እንዴ?» የሚል አለ። በዚህ አልስማማም። መሬት አንዴ ተቆፍሮ በመጸዳቱ ብቻ ነገሩ አያልቅም። በብዙ ቦታ ብክለቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ከላዩ ንጹሕ አፈር ወይም አስፋልት ይለበስና «እዚህ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ መኖሪያ ቤት አይሠራም» የሚል ገደብ ይጣልበታል። ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ ባለቤት መጥቶ አስፋልቱን ሊያነሳ ሲል ማን ይከለክለዋል? ኮንትራክተሩ ከሄደ ቆይቷል። ያኔ ፋይሉን የሚያወጣ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ፣ «ቁም» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ያስፈልጋል። የላቭ ካናል ችግርም ከዚህ አይርቅም። ከሥር ምን እንዳለ እያስታወሰ ከላይ የሚሠራውን የሚያስቆም አልነበረም። ለእኔ የዚህ ድጎማ ዋናው ጥቅም ያ ሰው በወንበሩ ላይ እንዲቆይ ማድረጉ ነው።

ስቴቱ ራሱስ ምንም አይከፍልም?

ለዚህኛው ድጎማ በአብዛኛው አይከፍልም። የራስ መዋጮ የሚጠየቀው ገንዘቡ ለብድር ፈንድ ሲውል ነው፣ እሱም 20 በመቶ።

ሱፐርፈንድ ላይ ሲኬድ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጽዳቱ በፈንዱ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ስቴቱ የዋናውን ጽዳት ወጪ 10 በመቶ ይሸፍናል። ቦታውን ያስተዳድር የነበረው ራሱ ስቴቱ ወይም ከተማው ከሆነ ድርሻው ቢያንስ 50 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የረጅም ጊዜ ጥገና በሙሉ የስቴቱ ነው። የ50 ሚሊዮን ዶላር ጽዳት ቢሆን 5 ሚሊዮን አዋጥቶ፣ የተበከለውን ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕና ማጣሪያውን ለብዙ ዓመታት ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ስቴቱ ይህን ሁሉ እሸፍናለሁ ብሎ ካልፈረመ ኢፒኤ በፈንዱ ገንዘብ ዋናውን ጽዳት መጀመር አይችልም። ስለዚህ የአንድ ስቴት ምክር ቤት በጀት ሲያጥረው ፌዴራሉ ዝግጁ ሆኖ እንኳ ሥራው ሊዘገይ ይችላል።

ነባር ሕዝቦች ለምን ለብቻቸው ይጠቀሳሉ? ስቴቱ አይወክላቸውም?

አይወክላቸውም። ነባር ሕዝቦች የምንላቸው አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ላይ የነበሩትን ሕዝቦች ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከ570 በላይ የሆኑትን የራሳቸው መንግሥት ያላቸው ሕዝቦች ብሎ ያውቃቸዋል። በመሬታቸው ላይ የስቴት የአካባቢ ሕግ በአብዛኛው አይሠራም። ግንኙነታቸው በቀጥታ ከዋሽንግተን ጋር ነው። በ1986 የሱፐርፈንድ ሕግ ሲሻሻል በብዙ ጉዳዮች እንደ ስቴት እንዲቆጠሩ ተደነገገ። በራሳቸው መሬት ላይ ለሚደረግ የሱፐርፈንድ ጽዳት ደግሞ ስቴቶች የሚከፍሉትን 10 በመቶ አይጠየቁም።

ይህ ውለታ አይደለም። የናቫሆን ታሪክ ማየት ይበቃል። የናቫሆ ሕዝብ ምድር በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ ተዘርግቷል። ከ1944 እስከ 1986 ከዚያ ምድር ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የዩራኒየም ማዕድን ወጣ። ለአሜሪካ የኑክሌር መሣሪያ የሚፈለግ ማዕድን ነበር። ኩባንያዎቹ ሲሄዱ ከ500 በላይ ማዕድን ማውጫዎችን እንዳሉ ትተዋቸው ሄዱ። ሰዎች ከማዕድኑ የተረፈውን ድንጋይና አሸዋ ወስደው ቤት ሠሩበት። ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። በ1979 ሐምሌ 16 ቸርች ሮክ በሚባል ቦታ የዩራኒየም ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ ከ1,000 ቶን በላይ ጨረር ያለበት ደቃቅ ዝቃጭና ከ90 ሚሊዮን ጋሎን በላይ አሲዳማ ፈሳሽ ወደ ፑዌርኮ ወንዝ ገባ። እረኞች ከብት የሚያጠጡበት ወንዝ ነው።

ናቫሆዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። የራሳቸውን የሱፐርፈንድ ቢሮ አቋቋሙ፣ በ2008 ደግሞ የራሳቸውን የጽዳት ሕግ አወጡ። በ2015 ተግባራዊ በሆነ የፍርድ ቤት ስምምነት ከአንድ የዩራኒየም ኩባንያ ወራሾች 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለ50 ያህል ማዕድን ማውጫዎች ጽዳት ተገኝቷል። ትልቅ ድል ነው። ግን ሃምሳ ከአምስት መቶ በላይ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ አስሉት።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የኳፖ ሕዝብ ሥራ ነው። በኦክላሆማ ታር ክሪክ በሚባለው ቦታ ለአሥርት ዓመታት እርሳስና ዚንክ ሲወጣ ቆይቶ እንደ ተራራ የተቆለለ የድንጋይ ተረፈ ምርት ቀረ። ቦታው በ1983 ሱፐርፈንድ ዝርዝር ላይ ገባ። ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ፒቸር የምትባለው ከተማ ነዋሪዎቿ እንዲለቁ ተደርጎ ባዶዋን ቀረች። በ2013 መጨረሻ ኳፖዎች «ካቶሊክ 40» የተባለውን፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት የነበረበትን ይዞታ ራሳቸው ማጽዳት ጀመሩ። አንድ ነባር ሕዝብ የሱፐርፈንድ ጽዳትን በራሱ ሲመራና ሲሠራ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ኤክስካቫተሩን የነዱት፣ ናሙናውን የወሰዱት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ሰው ካልሠለጠነ፣ ቢሮ ካልተከፈተ እንዲህ ያለ ሥራ አይታሰብም።

ነባር ሕዝቦች ሌላ የገንዘብ ምንጭ የላቸውም?

አላቸው። ከ1992 ጀምሮ ያለው አጠቃላይ የአካባቢ ድጎማ ትንንሾቹ ሕዝቦች ቢያንስ አንድ ባለሙያ እንዲቀጥሩ ያስችላል። ጦር ሠራዊቱ ለበከለው የነባር ሕዝቦች መሬት ደግሞ ከመከላከያ ሚኒስቴር የሚመጣ ለብቻው ፕሮግራም አለ። ችግሩ እያንዳንዱ የየራሱ ማመልከቻ፣ የየራሱ ሪፖርትና የየራሱ ቀነ ገደብ አለው። ሁለት ሠራተኛ ያለው ቢሮ ግማሽ ጊዜውን ወረቀት ሲሞላ ይውላል። ይህ መቃለል ያለበት ነገር ነው።

እኔ ግለሰብ ነኝ። ይህን ድጎማ ማግኘት እችላለሁ?

በቀጥታ አይችሉም። የሚሰጠው ለስቴትና ለነባር ሕዝብ መንግሥት ነው። ነገር ግን ስቴቱ በዚያ ገንዘብ ለአንዳንድ ቦታዎች ነጻ ጥናት ያደርጋል፣ ከብድር ፈንዱም ያበድራል። ከተማዎና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ደግሞ በኢፒኤ የብራውንፊልድ ውድድር ለጥናትና ለጽዳት መወዳደር ይችላሉ። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ የማኅበረሰብ ማዕከል ወይም ቤተ እምነት የተተወ ሕንፃ ለመግዛት ካሰበ ከመፈረሙ በፊት የስቴቱን የብራውንፊልድ አስተባባሪ ያነጋግር። ማነጋገሩ ክፍያ የለውም።

ጋዝ ስቴሽን ልገዛ ነው። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

በጣም። ይህ ጥያቄ ከኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው።

መጀመሪያ፣ የሱፐርፈንድ ሕግ ነዳጅን ከመርዛማ ኬሚካሎች ዝርዝር ውጭ አድርጎታል። የፈሰሰ ቤንዚን በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። የተቀበሩ ታንከሮችን የሚመለከት የፌዴራል ፈንድ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጋሎን አንድ አሥረኛ ሳንቲም እየተቀነሰ ይገባለታል። ከዚህ ፈንድ ለስቴቶች ይከፋፈላል። ብዙ ስቴቶች ደግሞ የራሳቸው የታንከር ፈንድ አላቸው፣ የጽዳት ወጪውን ከተወሰነ የባለቤቱ ድርሻ በላይ ይሸፍናል። የእያንዳንዱ ስቴት ደንብ ስለሚለያይ የሜሪላንድ ጓደኛዎ የነገረዎት ቨርጂኒያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

እንደ ገዢ ሦስት ነገር አይዝለሉ። ከክሎዚንግ (ግዢው ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት «ፌዝ ዋን» የሚባለውን የአካባቢ ጥናት ያሠሩ። የቦታውን ታሪክ፣ የድሮ ካርታዎችንና የመንግሥት መዛግብትን ይፈትሻል። ፌዝ ዋን ችግር ካሸተተ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን ናሙና የሚወስደው ፌዝ ቱ ይከተላል። ሁለተኛ፣ የታንከሮቹን የምርመራ ውጤትና ቀደም ሲል የተመዘገበ ፍሳሽ ካለ ፋይሉን ከስቴቱ ይጠይቁ። ባለቤትነት ሲዛወር አዲሱ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሦስተኛ፣ ፍሳሽ ቢደርስ ወጪውን የሚችል ኢንሹራንስ ወይም ሌላ ዋስትና ሕጉ ይጠይቃል። ለማደያዎች መጠኑ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። «ሻጩ ጎበዝ ሰው ነው፣ አያታልለኝም» ብለው እንዳያልፉት። ሻጩ ራሱ ከእሱ በፊት የነበረው ያፈሰሰውን ላያውቅ ይችላል።

ላውንድሪስ?

ድራይ ክሊኒንግ ቤቶች ለብዙ ዓመታት «ፐርክ» የሚባል ኬሚካል ሲጠቀሙ ኖረዋል። ትንሽ ፍሳሽ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ያበላሻል፣ ትነቱም ወደ ጎረቤት ሕንፃ ይገባል። ኢፒኤ በ2024 ታኅሣሥ ባወጣው ደንብ ድራይ ክሊኒንግ ቤቶች በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያቆሙት ወስኗል። ፐርክ ነዳጅ ስላልሆነ ሱፐርፈንድ ይመለከተዋል። ባለቤት የሆነ ሰው ራሱ ባያፈስም ሊጠየቅበት ይችላል።

ከዚህ የሚያድን በር አለ። ከ2002 በኋላ የገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ጥናት ካሠራ፣ ከበከለው ወገን ጋር ዝምድና ከሌለው፣ ከገዛ በኋላም ተገቢውን ጥንቃቄ ካደረገ ሕጉ ይጠብቀዋል። ቁልፉ ጊዜው ነው። ጥናቱ ከግዢው በፊት መሠራት አለበት፣ ዋና ዋና ክፍሎቹም ከ180 ቀን በላይ የቆዩ መሆን የለባቸውም። ከገዙ በኋላ የሚሠራ ፌዝ ዋን ይህን ጥበቃ አይሰጥም። በ2018 የተሻሻለው ሕግ ለተከራዮችም በተወሰነ ሁኔታ ይህን ጥበቃ ዘርግቷል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኖርዝ ካሮላይናን የመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ ለድራይ ክሊኒንግ ብክለት ብቻ የቆመ ፈንድ አላቸው። የእርስዎ ቦታ በእንዲህ ያለ ፈንድ መካተት አለመካተቱን ጠበቃዎን ይጠይቁ።

በስቴቱ ፕሮግራም ባጸዳ በኋላ ፌዴራሉ መጥቶ አይከሰኝም?

ቦታው ለዚህ ብቁ ከሆነና ጽዳቱ በስቴቱ ፕሮግራም መሠረት ከሄደ በአብዛኛው አይከስም። የ2002ቱ ሕግ ይከለክለዋል። ብክለቱ ድንበር ተሻግሮ ሌላ ስቴት ከገባ፣ አጣዳፊ አደጋ ካለ ወይም አዲስ መረጃ ከተገኘ ግን ጥበቃው ይነሳል። ጥበቃው የሚሠራውም ስቴቱ ያችን ለሕዝብ ክፍት የሆነች መዝገብ በየዓመቱ ሲያድስ ነው።

ሰፈሬ ውስጥ የተበከለ ቦታ መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

መዝገቧ የምትጠቅመው ለዚህ ነው። የስቴትዎ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ብራውንፊልድ ወይም በፈቃደኝነት የሚደረግ ጽዳት የሚለውን ክፍል ይፈልጉ። ብዙዎቹ በአድራሻ የሚፈለግ ካርታ አላቸው። የሱፐርፈንድ ቦታዎች በኢፒኤ ድረ ገጽ ላይ በዚፕ ኮድ ይገኛሉ። ልጅዎ የሚሄድበትን ትምህርት ቤት አድራሻም ያስገቡበት። የሱፐርፈንድ ቦታ አጠገብ የሚኖሩ ነዋሪዎች ተደራጅተው ገለልተኛ ባለሙያ የሚቀጥሩበት እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ የመጀመሪያ ድጎማ መጠየቅም ይችላሉ። የወፍራሙን ሪፖርት ትርጉም ኩባንያው ከሚነግራችሁ የራሳችሁ ሰው ቢያብራራላችሁ ይሻላል።

የመሠረተ ልማት ሕጉ ገንዘብ ሲያልቅስ?

አምስቱ የበጀት ዓመታት ከ2022 እስከ 2026 ናቸው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ኮንግረስ በየዓመቱ በሚያጸድቀው ላይ ብቻ ይቆማል። ትላልቅ ስቴቶች ከራሳቸው በጀትና ከማመልከቻ ክፍያ ሊደጉሙ ይችላሉ። አነስተኛ ነባር ሕዝቦች ግን ብዙዎቹ ግብር የሚሰበስቡበት በቂ ምንጭ የላቸውም። ድጎማው ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚነካው አንድ የነበረው ባለሙያ ነው።

በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል?

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ይችላል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዲሲ በብራውንፊልድ ሕጉ እንደ ስቴት ስለምትቆጠር ድጎማውን ትወስዳለች። የተበከለ ቦታ ጽዳትን የሚከታተለው የከተማዋ የኃይልና አካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ስልክ ሲደውሉ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። በሌሎች ስቴቶች የሕዝብ ስብሰባ ከመካሄዱ ቀደም ብሎ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ አስቀሩ።